ከኔ በፊት የማን ነበረች? የ1969 ሼቬል ታሪክ ፍለጋ ላይ እርዱኝ

ናፍቆት ሜሪላንድ፦
ሰላም ወገኖች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ባለፈው በጋ የ1969 ሸቭሮሌት ሼቬል ኤስ ኤስ 396 ገዛሁ (ኤስ ኤስ የስፖርት አይነቷ ነው፣ 396 የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች)፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ካምቢዮው ማንዋል ባለ አራት ማርሽ። የሸጠልኝ ልጅ አባቱ ሞተውበት ቤት እያጸዳ ነበር፣ እሱ የሚያውቀው አባቱ በ80ዎቹ መጨረሻ ከሆነ ሰው በካሽ እንደገዟት ብቻ ነው፣ ታይትሉ ላይም (ሀገር ቤት ሊብሬ የምንለው) ያለው የአባቱ ስም ብቻ። ከዛ በፊት ያለው ሀያ አመት ጨለማ ነው። መኪና የሚመዘግበው ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ፣ የድሮ ባለቤት ስም አንሰጥም አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ ቪኑን (የመኪናዋን መለያ ቁጥር) ሳስገባ ደግሞ "ልክ ያልሆነ ቁጥር" ይለኛል። ቁጥሩ 136379 ብሎ ይጀምርና ቢ ከዛ ሌላ ስድስት ቁጥር ነው። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አንዲት የተቀዳደደች ትንሽ መጽሐፍ አግኝቻለሁ፣ ውስጧ እንደ ክሬዲት ካርድ ፊደል የተቀረጸባት ቀጭን ብረት አለች፣ ምን እንደሆነች አላወቅኩም። የመጀመሪያ ባለቤቷን ማግኘት በጣም እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ቢግብሎክ፦
ወንድሜ ያቺን ብረት እንዳትጥላት!!! ፕሮቴክት ኦ ፕሌት ትባላለች፣ ሸቭሮሌት ለአዲስ ገዢ ከዋራንቲ መጽሐፉ ጋር ይሰጣት ነበር፣ ጋራዥ ሲሄድ ልክ እንደ ክሬዲት ካርድ ወረቀት ላይ ያትሟታል። ቪኑ፣ የሞተሩ፣ የካምቢዮው፣ የኋላ ዲፈረንሻሉ ኮድ አለባት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጀመሪያው ገዢ ስምና አድራሻ በፕላስቲክ ሪባን ተጽፎ ይለጠፍባታል። ሪባኑ አለ ወይ?
ቪኑ ያልሰራልህ ደግሞ 17 ዲጂት የመጣው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ስለሆነ ነው፣ ያንተ 13 ነው። 1 ሸቭሮሌት፣ 36 ማሊቡ (ከሼቬል አይነቶች አንዱ) ቪ8፣ 37 ባለ ሁለት በር ሀርድቶፕ፣ 9 ማለት 1969፣ ቢ ባልቲሞር። ብሮኒንግ ሀይዌይ ላይ የነበረው ፋብሪካ፣ በ2005 የተዘጋው። ከቤትህ አንድ ሰአት በማይሞላ ቦታ ነው የተወለደችው ማለት ነው።
ግን ልብ በል፣ በ1968 ኤስ ኤስ የራሱ ቁጥር ነበረው (138 ብሎ ይጀምራል)፣ በ1969 ግን ኦፕሽን (ገዢው ከፈለገ ጨምሮ የሚያዘው) ሆነ፣ ስለዚ ቪኑ ብቻውን ኤስ ኤስ መሆኗን አይነግርህም። ተራ ማሊቡ ላይ ባጅ ለጥፈው የሚሸጡ ብዙ ናቸው።

ናፍቆት ሜሪላንድ፦
ሪባኑ ግማሹ ተነስቷል ወንድሜ። የቀረው የአባት ስምና የመንገዱ ስም መጨረሻ፣ ከዛ ባልቲሞር የሚል ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ሰውየው በህይወት ሊኖሩ ይችላሉ።

ታላቅ ወንድም፦
አለመጻፍህ በጣም ጥሩ ነው። ቢሮው ስም የከለከለህም ክፋት አይደለም፣ በ1989 አንዲት ወጣት ተዋናይት ገዳይዋ አድራሻዋን ከካሊፎርኒያ የመኪና መዝገብ አስወጥቶ ቤቷ በር ላይ ገደላት፣ ከዛ በ1994 የፌዴራል ህግ ወጣና የባለቤት መረጃ ህጉ ከፈቀደው ምክንያት ውጭ ለማንም አይሰጥም ተባለ። እና "ሀምሳ ዶላር ክፈለኝ፣ ስም አወጣልሀለሁ" የሚልህን ሰው አትመን፣ ህግ ነው የሚያስጥስህ።
እንደሌላ መኪና ቢሆን ይቀልህ ነበር። ፖንቲያክ ቢሆን የፋብሪካው ኢንቮይስ ኮፒ የሚሰጥ ድርጅት አለ፣ ፎርድ ከ1967 ጀምሮ ከሆነ የማርቲ ሪፖርት የትኛው ዲለር እንደሸጠው ሁሉ ይነግርሀል። አሜሪካ የተሰራ ሼቬል ግን እንደዛ አይነት የየመኪናው መዝገብ የለውም፣ ካናዳ ቢሸጥ ኖሮ የጂኤም ካናዳ ወረቀት ነበረው። ስለዚ ያንተ ማስረጃ ያለው መኪናዋ ላይ ነው፣ እዛው ፈልግ።
የቤንዚን ታንከሩን አውርደህ (መጀመሪያ ቤንዚኑን ጨርሰህ አስወጣ፣ በእሳት አትቀልድ) ከላዩ ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የግንባታ ወረቀት ተጣብቆ ይገኛል። የወንበር ስፕሪንግ ውስጥም እይ። ካገኘኸው በቀላሉ ሊቀደድ ስለሚችል ወዲያው አትንጨው፣ ፎቶ አንሳው፣ እርጥብ ከሆነ ቀስ ብለህ አድርቀው። ከዛ ሞተሩን እይ፣ ሞኖብሎኩ ላይ ከቀኙ ቴስታታ ፊት ለፊት ያለችው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሁለት ጽሁፍ አለ፣ አንዱ ሞተሩ የተገጣጠመበት ቀንና ኮድ፣ ሌላው 19ቢ ብሎ የሚጀምር የቪኑ ቁራጭ። ያው የቪን ቁራጭ ካምቢዮው ላይም ቻሲው ላይም አለ። ሁሉም አንድ ከሆነ ተረጋጋ። ግን ጽሁፉ አዲስ የተመታ ከመሰለህ፣ የፋብሪካው የማሽን ጭረት ጠፍቶ ለስላሳ ከሆነ ሰው ነክቶታል። ብረቷም ወረቀቱም አስመስለው የሚሰሩ አሉ፣ አንዱን ብቻ አትመን፣ እርስ በርስ አስተያይ።

እህተ ማርያም፦
እኔ ስለ መኪና ብዙም አላውቅም ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለምሰራ ይቺን ልርዳህ። ባልቲሞር የሚገኘው ኢኖክ ፕራት ላይብረሪ ሂድና የሜሪላንድ ክፍሉን ጠይቅ፣ የባልቲሞር ሰን የድሮ ጋዜጣ እዛ ትፈልጋለህ፣ የሞት ማስታወቂያ ላይ ሰዎች ልጆቻቸውን ስለሚዘረዝሩ የቤተሰቡን ስም ታገኛለህ። ካገኘህ ግን ስልክ አትደውል በር አታንኳኳ፣ ደብዳቤ ጻፍ። ማን እንደሆንክ፣ መኪናዋን በህጋዊ መንገድ እንደገዛህ፣ ገንዘብ እንደማትጠይቅ አስቀድመህ ንገራቸው፣ የመኪናዋን ፎቶ ጨምር፣ መመለስ ካልፈለጉም እንደምትረዳ ጻፍ። ሀዘን ላይ ያለ ሰው ሊሆን ይችላልና በርጋታ።

ቢግብሎክ፦
ኮፈኖውን ክፈትና ኋላ ግድግዳው ላይ ያለችውን ታግ አንብብልን፣ ቀለሙ ምን ይላል?

ናፍቆት ሜሪላንድ፦
ይቅርታ ቆየሁ፣ ሶስት ሳምንት ሆነኝ። ታጓ 03ሲ ትላለች፣ ቀለሙ ላይ 71 71። ሞተሩ ላይ ቲ0305 እና 19ቢ፣ ከቻሲው ጋር አንድ ነው። ካምቢዮው ግን የሌላ መኪና ነው። ታንከሩ ላይ ወረቀት አገኘሁ፣ ግማሹ በዝገት ተበልቷል ግን 396 የሚለው ይነበባል።

ታላቅ ወንድም፦
03ሲ የመጋቢት፣ ማለቴ የማርች ሶስተኛ ሳምንት ነው፣ ቲ0305 ደግሞ ሞተሩ ማርች 5 ቶናዋንዳ ኒውዮርክ ተገጣጥሞ በሁለት ሳምንት አካባቢ ባልቲሞር ገባ ማለት ነው፣ በጣም የሚያምር ግጥምጥም! ካምቢዮ በነዛ ጊዜ በድራግ ውድድር ይሰበር ነበር፣ አይግረምህ። 71 ደግሞ ለማን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ነው፣ ቀይ አልነበረችም።

ናፍቆት ሜሪላንድ፦
አዎ ጋሼ፣ ሰማያዊ ነበረች። ደብዳቤውን እህታችን እንዳለችው ጻፍኩ፣ ትላንት የሰውየው ሴት ልጅ መለሰችልኝ፣ አባቷ ከአስር አመት በፊት አርፈዋል፣ መኪናዋን የሸጡት እሷ ስትወለድ ነው፣ ካምቢዮውንም 75-80 ድራግዌይ የሚባለው የድራግ ውድድር ሜዳ ላይ ነው የሰበሩት። አንድ ፎቶ ላከችልኝ፣ አባቷ በአንድ እጃቸው ፓራፋንጎው ላይ ተደግፈው፣ መኪናዋ ልክ ታጉ እንዳለው ሰማያዊ። ቅዳሜ እናቷን ይዛ ልታያት ትመጣለች። ከዛ በፊት ቀዩን ቀለም ለማስነሳት አልደርስም፣ ግን በዚህ አካባቢ በድሮው ለማን ብሉ በደንብ የሚቀባ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።