በባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ትርፍ ቤንዚን እንዴት ነው የምትይዙት?

የአውሮራው፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እኔ ኮሎራዶ አውሮራ ነው የምኖረው፣ ባለፈው ዓመት ያገለገለ ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ እዚህ ኤቲቪ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ገዛሁና አሁን ኦገስት ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሌክ ሲቲ የምትባል ከተማ ሄደን አልፓይን ሉፕ የሚባለውን የተራራ መንገድ ልንዞረው አስበናል። መንገዱ 65 ማይል ነው፣ ሲናሞን ፓስና ኢንጂነር ፓስ የሚባሉ ሁለት ከባድ ዳገቶች አሉት፣ ኢንጂነር ፓስ አናቱ 12,800 ጫማ ነው፣ ወደ 3,900 ሜትር ማለት ነው። የኔ ታንከር የሚይዘው 4 ጋሎን ነው፣ ዳገት ለዳገት ስነዳው ደግሞ በጋሎን 15 ማይል ብቻ ነው የሚሄድልኝ፣ ደምሩት እንግዲህ፣ መጨረሻው ላይ መንገድ ላይ መቅረቴ ነው።

ስለዚህ ቤት ያለችኝን ቀይ ባለ 5 ጋሎን ፕላስቲክ ጀሪካን አፏ ድረስ ሞልቼ ከኋላ ፖርቶመጋላው ላይ በላስቲክ ገመድ አስሬ ሞከርኳት። ሃያ ደቂቃ ነድቼ ስወርድ ጀሪካኗ ጎን ለጎን እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍታለች፣ ክዳኑ ዙሪያ ረጥቧል፣ ገመዱን ልፈታ ስል የፖርቶመጋላው ብረት እጄን አቃጠለኝ፣ ለካ ማርሚታው ልክ ከሥሯ ነው። ባለቤቴ አይታ ደነገጠች፣ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ጋራዥ ዳላስ፦
ወንድሜ እንኳን እቤትህ አካባቢ ሞከርከው። እኔ ሞተርና ኤቲቪ ስጠግን 11 ዓመቴ ነው፣ ያንተን ዓይነት አያያዝ በየሳምንቱ ነው የማየው።

መጀመሪያ ብዛቱን እናስተካክል። አንተ የሚጎድልህ ለ5 ማይል የሚሆን ነው፣ ብትጠፋ፣ መንገድ ተዘግቶ ብትመለስ ብለህ ጨምርበትና 2 ጋሎን በቂህ ነው። 5 ጋሎን ቤንዚን ብቻውን 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ እሱን ደግሞ ከኋላ ጎማ በስተኋላ ከፍ አድርገህ ሰቅለህ ዳገት ስትወጣ የፊት ጎማህ ይቀልብሃል፣ ወደኋላ የሚገለበጥ ኤቲቪ ደግሞ ሰውየው ላይ ነው የሚወድቀው። ፖርቶመጋላው ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል የተለጠፈ አለ፣ ድንኳንህን ምግብህን ውሃህን ደምረህ ነው ማየት ያለብህ።

ቦታው፣ ማርሚታው ከሌለበት ጎን፣ ዝቅ ያለ፣ መሃል የቀረበ። በብዙዎቹ ማርሚታው በቀኝ ከኋላ ነው ግን የራስህን ጎንበስ ብለህ እይ። ለኤቲቪ ተብለው የተሠሩ ጠፍጣፋ ጀሪካኖች አሉ፣ ሮቶፓክስ የሚባለው ባለ 1ም ባለ 2 ጋሎንም አለው፣ መሃሉ ላይ ባለው ቀዳዳ በኩል በብሎን ይታሰራል። እሱን ካልገዛህ እየሳበ በሚያጠብቀው በራቼት ቀበቶ እሰረው፣ የላስቲክ ገመድ እርሳው፣ ድንጋይ ላይ በዘለልክ ቁጥር ጀሪካኑም አብሮህ ነው የሚዘለው፣ ፕላስቲኩ ብረት ላይ ሲፋቅ ደግሞ ይበሳል፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ጎማ አንጥፍለት።

የተነፋብህ ነገር ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ሙቀት ነው፣ ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 በመቶ ያህል ያብጣል፣ ትነቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይገፋል፣ አንተ አፉ ድረስ ሞልተህ መሄጃ ነው ያሳጣኸው። ሌላው ከፍታ ነው፣ ይሄ ገና ይመጣብሃል፣ ሌክ ሲቲ 2,600 ሜትር ላይ ሞልተህ 3,900 ስትደርስ የውጭው አየር ይሳሳል ጀሪካኑም ይወጠራል። አናቱ ላይ ቆመህ በአንድ ጊዜ ክዳኑን ብትከፍተው ፊትህ ላይ ነው የሚረጨው። ፊትህን ዞር አድርገህ ቀስ ብለህ ፈታ፣ ስስ ሲል ቆም፣ እንደገና ፈታ።

ሾፌር ሎግያ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ያለሁት አፋር ነው፣ ኤቲቪ የለንም ግን በሞተር ሳይክልና በፒክአፕ ቤንዚን ጭነን ማደያ የሌለበት ሰፊ በረሃ እንሄዳለን። እዚህ የምንይዘው ያው ዘይት የመጣበትን ቢጫ ባለ 20 ጀሪካን ነው፣ ክዳኑ ለቤንዚን የተሠራ ስላልሆነ ሰው ፌስታል ከሥሩ አድርጎ ይዘጋዋል፣ ፌስታሉን ደግሞ ቤንዚኑ ያለሰልሰዋል። በሃይላንድ የሚይዝም አለ፣ ሃይላንድ ሞተር ላይ አስሮ ፀሐይ ውስጥ መሄድ ማለት፣ በቃ ምን ልበላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ ወንድሜ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር፣ ቡና እንጠጣ ብለን መንገድ ዳር ቆምን፣ ሴትየዋ ከሰሉን አቀጣጥላ ጀበናው ተጥዷል። ልጁ ቡናው እስኪፈላ ሞተሬን ልሙላ አለና ከከሰሉ ምናልባት አምስት ስድስት እርምጃ ራቅ ብሎ ጀሪካኑን ከፈተው። ሙቀቱ 40 አልፏል፣ ተወጥሮ ስለነበር ፍስስስ ብሎ መሬት ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ማንም እሳት አልነካም፣ ክብሪትም የለም፣ ሰማያዊ ነገር መሬት ለመሬት ከከሰሉ ተነስቶ ወደሱ ሲሮጥ በዓይኔ አየሁት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወደላይ አይሄድም፣ እንደ ውሃ መሬት ላይ ተኝቶ ነው የሚሄደው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ተቃጠለ፣ ሦስት ወር ተኛ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሰው እሳት አጠገብ ጀሪካን ሲከፍት ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል። እናንተም ማታ ድንኳን አጠገብ እሳት ታነዳላችሁና ሞተሩን ቀን በብርሃን፣ ከእሳቱም ከሲጋራም ርቃችሁ፣ ነፋሱ ወደ እሳቱ በማይወስድበት በኩል ሙሉ።

ነርስ ሚኒሶታ፦
ሾፌር እግዚአብሔር ይማርልህ ጓደኛህን። እኔ በሥራዬ የማየው ስለሆነ ልጨምር፣ ቤንዚን ልብስህ ላይ ከፈሰሰ ይደርቃል ብለህ እንዳትቀመጥበት፣ አውልቀህ ቀይር፣ በተለይ ሱሪህን፣ የማርሚታው ሙቀት እግርህ አጠገብ ነው። ሰው ከተቃጠለ ደግሞ ቅቤ የለም፣ የጥርስ ሳሙና የለም፣ እንቁላል የለም። ቀዝቀዝ ያለ ንጹህ ውሃ 20 ደቂቃ እያፈሰሳችሁበት በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም። በረዶም አታድርጉበት። ስለዚህ የመጠጥ ውሃ ብቻ አትያዙ፣ ትርፍ ውሃ ያዙ እሺ?

ኔቫዳ በረሃ፦
እኔ የብረቱን ጀሪካን ነው የምወደው፣ ጀርመኖች በ1930ዎቹ ለጦር ብለው የሠሩት ባለ 20 ሊትሩ ማለት ነው፣ ጀሪ የሚለው ስምም እንግሊዞች ጀርመኖችን ይሉበት ከነበረው ቅጽል ነው የመጣው። ሦስት እጀታ ያደረጉለት ባዶውን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት እንዲይዝ፣ ሙሉውን ሁለት ሰው እንዲካፈለው ነው፣ ብልህ ሥራ ነው። ግን ከባድ ነውና ላንተ ጋራዥ ዳላስ የነገረህ ይሻላል።

ሁለት ነገር ብቻ፣ ማደያ ስትሞላ ጀሪካኑን ከፒክአፑ አውርደህ መሬት ላይ አድርግ፣ ፕላስቲክ በለበሰ የፒክአፕ ጀርባ ላይ እንዳለ ስትሞላ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይጠራቀምና ብልጭ ሊል ይችላል፣ የቧንቧውን ብረት የጀሪካኑን አፍ አስነክተህ በዝግታ ሙላ። ሌላው አፉ ውስጥ ያለችውን ወንፊት ቶሎ አይወርድም ብለህ እንዳታወጣት። እሳት ወደ ውስጥ እንዳይገባ የምትከለክል ናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ በሕግ ግዴታ የሆነችው በምክንያት ነው።

የአውሮራው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሾፌር ታሪክህን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጠፍጣፋዋን ባለ 2 ጋሎን ገዛሁ፣ በግራ በኩል ዝቅ አድርጌ በብሎን አሰርኳት፣ ውሃ ሞልቼባት አንድ ሰዓት ጎርበጥባጣ ላይ ነዳሁ፣ ጠብ አላለችም፣ አሁን ተገልብጣ ፀሐይ ላይ እየደረቀች ነው። ትንሽ እሳት ማጥፊያም ከፊት አስሬያለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፣ ከአውሮራ ሞልቼ ልሂድ ወይስ እዚያ?

ጋራዥ ዳላስ፦
ባዶዋን ይዘህ ሂድ፣ ሌክ ሲቲ ማደያ አለ፣ ጠዋት ስትነሱ ሙላት፣ ከላይ አራት ጣት ያህል ክፍት ተውላት። መንገድ ላይ ቤንዚኑን ወደ ታንከሩ ስትገለብጥ ሞተሩን አጥፍተህ 15 ደቂቃ ይብረድ፣ ደረቅ ሣር ላይ አታቁመው፣ ከመቀመጫውም ውረድ። ስትመለስ ባዶ ናት ብለህ መኪና ውስጥ ከልጆች ጋር እንዳታስገባት፣ ትነቱ ውስጧ አለ፣ ከውጭ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ትታሰር። ጎሚኒዋን ግን በየጉዞው እያት፣ ከተሰነጠቀች ቀይራት።

የአውሮራው፦
እሺ ጋራዥ፣ ተባረክ። ሁለት ትርፍ ጎሚኒ አዝዣለሁ።