የጀነሬተር ማስነሻ መመሪያ ሲታተም ፈዘዘብኝ! ለነገ ጠዋት ነው

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፦ አቦ ድረሱልኝ! ጀነሬተር ማስነሻና ማጥፊያውን በፎቶ የሚያሳይ መመሪያ ግድግዳ ላይ እንድለጥፍ ታዝዣለሁ። 6 ፎቶ ነው፣ አንድ ኤ3 ወረቀት ላይ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ወስጄ አሳተምኩት፣ ፍዝዝ ብሎ ወጣ። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ጭራሽ አይለይም። ነገ 2 ሰዓት አዲስ ተረኞች ይገባሉ። ምን ላድርግ?

ደቻቱ፦ ከሰዓት ነው ያሳተምከው? እንግዲያው ማሽኑም የጫት በርጫ ላይ ነበር 😂

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ስዕል ጌጥ አይደለም። ኦቶ ኖይራት የሚባል ኦስትሪያዊ ፈላስፋ በ1925 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ሙዚየም ከፍቶ፣ ያልተማረው ሕዝብ እንዲረዳው ብሎ ቁጥርን በስዕል ያሳይ ነበር። ዛሬ ኤርፖርት የምታያቸው ምልክቶች ላይ የእሱ አሻራ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ፣ ይህ ስዕል ለማን ነው?

ደቻቱ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ከቪየና እስኪመለሱ ተረኞቹ ገብተው ይወጣሉ!

ዲዛይን ቤት፦ ፎቶውን ለማተሚያ ቤቱ በምን ላክኸው? ቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልከው ይጨምቀዋል፣ ጥራቱ ይቀንሳል። «ፋይል» ብለህ ላክ። ሙሉ ኤ3 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክስል ነው። ሁለት ሁለት አድርገህ ከደረደርካቸው እያንዳንዱ ወደ 1700 ፒክስል ስፋት ይበቃዋል።

የሳቢያን ልጅ፦ አዎ፣ በቴሌግራም ነው። ቀዩስ?

ዲዛይን ቤት፦ በጥቁርና ነጭ ነዋ ያሳተምከው?

የሳቢያን ልጅ፦ እ… አዎ። የከለሩ ዋጋ አይቀመስም።

ዲዛይን ቤት፦ በለው! እሱን መጀመሪያ አትናገርም? ቀይና አረንጓዴ በጥቁርና ነጭ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ወፍራም ቀስት አድርግበት፣ ጫፉ ላይ ቁጥር ጻፍ። በቀለም ብቻ አትመን።

ገንደቆሬ፦ በፋይል ላከው።

ዲዛይን ቤት፦ ተብሏል ወንድሜ።

መካኒክ ነኝ፦ እኔ ግን ፎቶውን ራሱን አልወደድኩትም። ፎቶ ጀሪካኑንም፣ ጨርቁንም፣ የተጠላለፈውን ሽቦም ያሳያል፤ ሰውየው የቱን ይንካ? ፎቶውን መስኮት ላይ ለጥፍ፣ ነጭ ወረቀት ደርብበት። እጅ የሚነካውን ብቻ በማርከር ቅዳ። ዘይት መለኪያውን፣ ቁልፉን፣ ማጥፊያውን። ሌላውን ተወው። ጥቁር መስመር የትኛውም ፎቶ ኮፒ ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ከለርም አትከፍልም።

የሐረር ልጅ፦ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ የውሃ ፓምፕ መመሪያ በስዕል ለጥፈን ነበር፣ ከግራ ወደ ቀኝ። አንድ አረብኛ የሚያነቡ አባባ ከቀኝ ጀመሩት። ማጥፊያውን አስቀድመው ተጭነው «አልነሳም አለ እኮ!» አሉን። ጥፋቱ የእኛ ነው። እናንተም ጋ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ የሚናገር አለ፣ አረብኛ የሚያነብም አይጠፋም። ከላይ ወደ ታች ደርድረው፣ ትልልቅ ቁጥር ስጠው። ከዚያ ጀነሬተር ነክቶ ለማያውቅ ዘበኛ አሳየው። አንተ ዝም በል፣ ጣቱ የት እንደሚሄድ ብቻ እይ።

ጡረተኛው መምህር፦ ለማን ነው ያልኩት እኮ ይሄንኑ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦ እየቀዳሁ ነው፣ 4ኛው ላይ ደርሻለሁ። ዘበኛው ገና ከአሁኑ ዘይት መለኪያውን «ማንኪያ ነው?» አለኝ። ቆይ… መብራት ሄደ!

ደቻቱ፦ ጀነሬተሩን አስነሳዋ 😂

ገንደቆሬ (ከ3 ቀን በኋላ)፦ ልጁስ? ስዕሉ ካለቀ ለእኛም ላክልን። በፋይል!