ለቺለር ሞተሮች የሶፍት ስታርተር የጋራ ፕሮፖዛል፦ በረቂቁ ላይ የተደረገ ውይይት

ረቂቁን ካዘጋጁት አባል፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ኮምቦልቻ ላይ ባደረግነው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ለየፋብሪካዎቻችን አስተዳደር በጋራ የምናቀርበውን ሐሳብ አስፍሬአለሁ። ጥያቄያችን የትልልቅ ቺለሮች (የፋብሪካ ውኃ ማቀዝቀዣ ማሽኖች) የኮምፕሬሰር ሞተሮች በቀጥታ ወይም በስታር ዴልታ (መጀመሪያ በዝቅተኛ፣ ከዚያ በሙሉ ቮልቴጅ በሚያስነሣ አገናኝ) መነሣታቸው ቀርቶ በሶፍት ስታርተር (ሞተርን ቀስ በቀስ በሚያስነሣ መሣሪያ) እንዲነሡ፣ በዚህም የኤሌክትሪክ ፍጆታ እንዲቀንስና የሞተሮቹ ዕድሜ እንዲረዝም ነው። ለምሳሌነት የወሰድሁት በ400 ቮልት የሚሠራ የ200 ኪሎዋት ሞተር መደበኛ ከረንቱ ወደ 350 አምፔር ሲሆን፣ በቀጥታ ሲነሣ ግን ለጥቂት ሰከንዶች የዚህን ስድስትና ሰባት እጥፍ፣ ማለትም ከ2,100 አምፔር በላይ ይስባል። በዚያች ቅጽበት የመስመሩ ቮልቴጅ ስለሚወርድ በሌላ ክፍል ያሉ ኮንታክተሮች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያና ማጥፊያዎች) ለቅቀው ማሽኖች ሲቆሙ ሁላችንም አይተናል። እርማታችሁን እጠብቃለሁ።

ከጨርቃ ጨርቅ ዘርፍ አባል፦

ጋሼ፣ ስለ ድካምዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም «የኤሌክትሪክ ፍጆታ እንዲቀንስ» የሚለው ሐረግ ከረቂቁ እንዲወጣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሶፍት ስታርተር ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዞች) በእያንዳንዱ ላይ ፊትና ኋላ በተገናኙ ሁለት ታይሪስተሮች (ከረንትን በተፈለገው ቅጽበት በሚያሳልፉ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያዎች)፣ በጠቅላላው በስድስት፣ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ታይሪስተሮቹ በየግማሽ ዑደቱ የሚከፈቱበትን ቅጽበት መጀመሪያ ላይ ያዘገዩና ቀስ በቀስ ያስቀድሙታል፤ በዚህም ሞተሩ የሚያገኘው ቮልቴጅ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ ታይሪስተሮቹን የሚያልፍ የባይፓስ ኮንታክተር ይገናኝና ሞተሩ ከመስመሩ ጋር በቀጥታ እንደተገናኘ ሆኖ ይቀጥላል። ፍሪኩዌንሲው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ከተነሣ በኋላ የሚበላው ኃይል ከዱሮው አይለይም። ፍጥነትን እንደ ጭነቱ እየቀያየሩ ኃይል መቆጠብ የኢንቨርተር ሥራ ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጆቻችን በቁጠባ ተስፋ ገዝተው የመብራት ሒሳቡ እንደነበረ ከመጣባቸው፣ የማኅበሩን ቀጣይ ጥያቄ የሚሰማ አይኖርም።

«ስታር ዴልታ አለን፣ ምን አነሰን?» ለሚሉት ግን በቂ መልስ አለን። ከስታር ወደ ዴልታ ሲሸጋገር ሞተሩ ለቅጽበት ከመስመር ተላቅቆ እንደገና ስለሚገናኝ ሌላ የከረንት ዝላይ ይፈጠራል፤ መጋጠሚያውንና ዘንጉን የሚመታውም ይኸው ነው።

ከማቀዝቀዣ ክፍል አባል፦

በእኅታችን እርማት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው በመሣሪያው ላይ የማስነሻ ቁጥሮች ስለሚሞሉበት መንገድ ነው፤ መሣሪያው ተገዝቶ በስሕተት ከተሞላ ባይገዛ ይሻላልና። የማሽከርከር ኃይል ወይም ቶርክ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው፤ ቮልቴጁ በግማሽ ሲሆን ቶርኩ ሩብ ይሆናል። ስለዚህ የከረንቱን ወሰን የመደበኛው ሦስት እጥፍ ላይ ማቆም የሚቻለው ኮምፕሬሰሩ ያለ ጭነት ሲነሣ ብቻ ነው። ቀደም ሲል በሠራሁበት ፋብሪካ «በዝግታ መነሣቱ ይጠቅመዋል» ተብሎ የማስነሻው ጊዜ 30 ሰከንድ ተደርጎ ነበር። የስክሩ ኮምፕሬሰሩ (በሚሽከረከሩ ጠመዝማዛ ዘንጎች ጋዝ የሚያምቀው) የአቅም መቆጣጠሪያ ቫልቭ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ሳይመለስ ስለሚነሣ፣ ሞተሩ ፍጥነት ሳያገኝ እያቃሰተ ይግል ነበር። ጥፋቱ በሶፍት ስታርተሩ ተሳበበ፤ የጠፋው ግን ቫልቩን የሚያይ ሰው ነበር። ስክሩ ኮምፕሬሰር ዘይቱ በደንብ እንዲዳረስ ቶሎ ፍጥነት መያዝ ስላለበት፣ አምራቹ የወሰነውን አጭር ጊዜ እንከተል። በዝግታ የማቆም አገልግሎቱም ለውኃ ፓምፕ እንጂ ለኮምፕሬሰር አይደለም። የፓወር ፋክተር (የኃይል አጠቃቀም ብቃት) ማሻሻያ ካፓሲተርም በሶፍት ስታርተሩና በሞተሩ መካከል ፈጽሞ እንዳይገባ በፕሮፖዛሉ ይጻፍልኝ።

ከደሴ አባል፦

አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ ተዘንግቷል። አብዛኞቹ ሶፍት ስታርተሮች ሙሉ አቅማቸው የተሰላው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትገኛለች። አየሩ ሲሳሳ ታይሪስተሮቹን የማቀዝቀዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ለ350 አምፔር ሞተር በልኩ 350 አምፔር የተጻፈበትን መግዛት ስሕተት ነው። በአምራቹ ሰንጠረዥ መሠረት ከፍ ያለው መጠን ይመረጥ። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚመጣበት አገር ሁለት ጊዜ መግዛት አንችልም።

ረቂቁን ካዘጋጁት አባል፦

ሁሉንም ተቀብያለሁ። የተሻሻለው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «የቺለር ኮምፕሬሰር ሞተሮች ሲነሡ የሚፈጥሩትን የቮልቴጅ መውረድና የሜካኒካል ምት ለመቀነስ፣ የቦታው ከፍታ ታሳቢ ተደርጎ የተመረጠ ሶፍት ስታርተር እንዲገጠም፤ ከርክክብ በፊትም ኮምፕሬሰሩ ያለ ጭነት መነሣቱ በጥገና ክፍሉ ፊት እንዲረጋገጥ።» መብራት ሄዶ ሲመለስ ቺለሮቹ ተራ በተራ እንዲነሡ የሚያደርግ ሰዓት ቆጣሪም በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር አስገብቻለሁ። እስከ ሐሙስ ድረስ እያንዳንዳችሁ የሞተሮቻችሁን ኪሎዋት፣ አምፔርና በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ ላኩልኝ፤ ያለዚያ የዋጋውን ክፍል መጻፍ አልችልም።