ደወል ሲደወል ጠረጴዛ ሥር የሚገባው ተማሪዬ

የሁለተኛ ክፍል መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ኦቲዝም አለው። ንባብ ላይ በጣም ጎበዝ ነው። ደወል ሲደወል ግን ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ አንዳንዴም ይጮሃል፣ ያኔ ሌሎቹም ይረበሹና ክፍሉ ከእጄ ይወጣል። ተቆጥቼው አውቃለሁ፤ ባሰበት። የቡድን ሥራ ስንጀምር ደግሞ ተነስቶ ግድግዳ ዳር ይቆማል። ከክፍሌ እንዲወጣ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

የልዩ ፍላጎት መምህር፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጣውን ተዪው። ልጁ ብልግና እያሳየሽ አይደለም። ኦቲዝም ያላቸው ብዙ ልጆች ድምፅ፣ ብርሃንና ንክኪ ከሌላው ሰው በላይ ያስጨንቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ይህንን ከመለያ ምልክቶቹ መሀል አስገብቶታል። ደወሉ ሳይደወል ቀድመሽ ንገሪው፣ ጆሮ መከለያ ያድርግ። የቀኑን ፕሮግራም በሥዕል ሠርተሽ ጠረጴዛው ላይ ለጥፊለት፣ ያለቀውን እያነሳ ይሂድ። የሚቀየር ነገር ካለ ጠዋቱኑ አሳዪው። በቡድን ሥራ ደግሞ «ተወያዩ» ብቻ ከተባለ ከየት እንደሚጀምር ላይገባው ይችላል። ከአንድ ልጅ ጋር ይጀምር፣ ሥራውም ቁርጥ ያለ ይሁን፦ አንተ ታነባለህ፣ እሷ ትጽፋለች።

እናት፦
ምን እንደሚያረጋጋው ወላጆቹን ጠይቂያቸው እባክሽ። እኔን ለረጅም ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም፣ ልጄን ልወስድ በሄድኩ ቁጥር የዕለቱን ጥፋት ብቻ ነበር የምሰማው። ቦርሳውን ደረቱ ላይ ሲያቅፍ እንደሚረጋጋ አንዷ መምህርቱ ስታውቅ ግማሹ ጣጣ ቀረ።

ኦቲዝም ያለኝ ሰው፦
አሁን ትልቅ ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ ጠረጴዛ ሥር የምገባው ለመደበቅ ነበር፣ የምጮኸው ደግሞ ጎትተው ሲያወጡኝ። ስለዚህ አታውጪው። ጸጥ ያለ ጥግ አዘጋጂለት፣ መሄድ ሲፈልግ የሚያሳይሽ ካርድም ይኑረው፣ በጭንቅ ሰዓት ቃል ከአፍ አይወጣም። አንቺም ያኔ ብዙ አታውሪው። ደግሞ «ዓይኔን እያየህ ስማ» አትበይው። እኔ የሰው ዓይን ሳይ የሚነግረኝን መስማት ይከብደኛል።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት፦
ካርዱን ዛሬ ማታ እሠራለሁ። እናቱንም ነገ አነጋግራታለሁ። ግን ሌሎቹ ልጆች «ለምን ለእሱ ብቻ?» ቢሉኝስ?

የልዩ ፍላጎት መምህር፦
ጥጉን ለሁሉም ክፈቺው። የከፋው ልጅ ሁሉ ትንሽ ተቀምጦ ይመለስ። የሥዕሉንም ፕሮግራም በትልቁ ሠርተሽ ሰሌዳው ጎን ስቀዪው፣ «ቀጥሎ ምንድነው?» እያሉ የሚጠይቁሽ ልጆችም ያዩታል።