ጣሪያችን ለ20 ቤት ይበቃል ወይ? የማኅበራችን ክርክር

አባል 04 (ጸሐፊ)
እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው እሁድ ሳይቋጭ የቀረውን ጉዳይ እዚሁ እንጨርሰው። ለቀሩት ላስታውስ፤ ቦሌ አራብሳ ጫፍ ባገኘነው ቦታ የምንሠራው ጂ+4፣ 20 ቤት ነው። ፕላኑ ገና ለፈቃድ አልገባም። አርክቴክታችን (አባል 09) ሕንፃው በዓመት የሚፈጀውን ያህል መብራት ጣሪያው ላይ ከፀሐይ እንዲያመነጭ ሆኖ ይነደፍ ብላለች። ሰብስበን ባየነው ፕሮፎርማ ተጨማሪው ወጪ ለአንድ አባል ወደ 200 ሺህ ብር ይጠጋል። የምትደግፉም የምትቃወሙም ከነምክንያታችሁ ጻፉ። መዘላለፍ አይፈቀድም።

አባል 20
እኔ እቃወማለሁ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት ነው። ሁላችንም ከ2003 ጀምሮ ከደመወዛችን እያስቆረጥን ቦንድ የገዛንበት ግድብ ነው። የአገራችን መብራት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ከውሃ የሚመጣ ነው፤ ጭስ የለውም። ፈረንጅ እንዲህ ዓይነት ቤት ለመሥራት የሚደክመው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ለመላቀቅ ነው። እኛ ከምን ልንላቀቅ ነው? 200 ሺህ ብር ለእኔ የበርና የመስኮት ገንዘብ ነው። ሦስት ልጆች ይዤ የምኖረው በኪራይ ነው፤ ግንባታው በዘገየ ቁጥር የምከፍለው እኔ ነኝ።

አባል 09 (አርክቴክት)
ወንድሜ፣ ውሃው ንጹሕ ነው ያልከው ልክ ነው፤ በዚያ አልከራከርህም። ግን አሁን የተከራየህበት ብሎክ ስንት ቀን ጨለማ ውስጥ እንዳደረ አንተው ነህ የነገርከን። ያኔ ግድቡ ውሃ አጥቶ አልነበረም። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነቱን መሸከም አቅቶት ነው። መብራቱ እዚሁ ጣሪያችን ላይ ቢመነጭ በዚያ መስመርና ትራንስፎርመር ማለፍ አይኖርበትም። ደግሞ ግድብ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። ፀሐይ የሚበረታው በበጋ ነው። ሁለቱ ይተጋገዛሉ እንጂ አይሻሙም።

አሁን ሒሳቡን ልዘርዝረው፣ እባካችሁ ታገሡኝ። ጣሪያችን 280 ካሬ ነው። ለመተላለፊያ፣ ለታንከርና ለደረጃ ቤት የሚሆነውን ስንቀንስ ፓኔል የሚቀመጥበት 160 ካሬ ይቀራል። አንድ ኪሎዋት ፓኔል 5 ካሬ ይወስዳል፤ ስለዚህ 32 ኪሎዋት እናስቀምጣለን። አዲስ አበባ ላይ አንድ ኪሎዋት ፓኔል በዓመት አማካይ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ድምሩ በቀን 128 ነው። ለ20 ቤት ሲካፈል ለአንድ ቤት 6.4፣ በወር 190 ገደማ። በቀደም ካርድ ስትሞሉ የወር ፍጆታችሁን እንድትልኩልኝ ጠይቄ 15 አባላት ልካችሁልኛል። ዝቅተኛው 95፣ ከፍተኛው 260 ነው። የምናመነጨውና የምትፈጁት ለጥቂት ይገጣጠማል!

ይህ የሚሆነው ግን ጂ+4 ስለሆንን ብቻ ነው። በዚሁ ጣሪያ ሥር ጂ+12 ብንሠራ 52 ቤት ይሆናል፤ ለአንድ ቤት በቀን 2.5 እንኳ አይደርስም፤ ምንም ዓይነት ፓኔል ብንገዛ ሒሳቡ አይዘጋም። ቤት ራሱን መቻል አለመቻሉ የሚወሰነው ወረቀት ላይ ነው፣ በወለሉ ብዛትና በጣሪያው ስፋት። ስብሰባው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁትም ለዚህ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፕላኑ ፈቃድ ካገኘ በኋላ የሚስተካከለው ነገር ጥቂት ነው።

አባል 13
ሲያትል ውስጥ ቡሊት ሴንተር የሚባል ስድስት ወለል ያለው የቢሮ ሕንፃ አለ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የተከፈተ። ከተማው አብዛኛውን ዓመት ዳመና የማያጣው ነው። የፓኔሉ ጣሪያ ከግድግዳው አልፎ እንደ ባርኔጣ ክፈፍ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ቦታ ስላነሳቸው። እነሱ በዚያ ዳመና የሚፈጁትን ያህል ማመንጨት ከቻሉ እኛ በዚህ ፀሐይ እንዴት ያቅተናል?

አባል 20
እነሱ ትርፋቸውን ለመስመሩ ይሰጣሉ፣ ሲጎድልባቸው ይወስዳሉ፤ ቆጣሪው ሁለቱን ያቻችላል። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ቆጣሪ ያያችሁ አላችሁ? እኔ አላየሁም። ቀን 6 ሰዓት ላይ ሁላችንም ሥራ ነን፣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ቤት ምድጃ ይለኮሳል፣ ፀሐይዋ ግን ገብታለች። «በዓመት እኩል ለእኩል» የሚባለው ወረቀት ላይ ነው። የእኔ ቤት ማታ ማታ አሁንም ካርድ ይሞላል።

አባል 11
እኔ 26 ዓመት የመስመር ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሁለቱም በኩል ያልተነሣ ነገር አለ፤ ላንሣው።

ከመስመር ጋር የሚገናኝ ኢንቨርተር፣ ማለትም የፓኔሉን ኃይል ለቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ መጥፋት አለበት። ይህ ጉድለት አይደለም። ምሰሶ ላይ የወጣው ልጅ መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው እጁን የሚዘረጋው። ከታች የአንድ ሕንፃ ጣሪያ ኃይል ቢልክበት ይገድለዋል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ጠፍቷል የተባለ መስመር ልነካ ስል ጓደኛዬ «ቆይ፣ ፈትሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። ከአንድ ጋራዥ ጀኔሬተር ወደ መስመሩ ተመልሶ እየገባ ነበር። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ልጆቼን አቅፌ ነው ያደርኩት።

ስለዚህ ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ ቤታችን ይበራል ካልሽ ባትሪም፣ ሕንፃውን ከመስመሩ የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያም ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ታች፣ ቆጣሪው አጠገብ፣ ማንም ሠራተኛ መጥቶ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ጣሪያ ላይ ተቆልፎበት ከሆነ አልፈርምም።

አባል 09 (አርክቴክት)
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታች ቆጣሪው አጠገብ ይሆናል፤ ፕላኑ ላይ አሰፍረዋለሁ።

አባል 17
እኔ ስለ ሜጋዋት አላውቅም፤ ስለ ምጣድ ግን አውቃለሁ። ሁላችሁም እንደምታውቁት እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ፤ በቀን መቶ። ለሊት 10 ሰዓት የምነሣው ወድጄ አይደለም። ማታ ስጋግር መብራቱ ይደክማል። ምጣዱ ለብ ብሎ ይቀራል፣ ሊጡን ሳፈሰው ዓይን አያወጣም፣ ከሥሩ ይይዛል፣ በሰፌድ ሳነሣው ይቀደዳል። የተቀደደ እንጀራ ሱቅ አይቀበለኝም፤ ልጆቼ ይበሉታል። ለሊት ሰው ሲተኛ ግን መብራቱ ይጠነክራል።

የኔ ልጅ፣ የምትይው ፀሐይ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሦስት ምጣድ ይችላል? ከቻለ እንቅልፌን ተኝቼ ቀን እጋግራለሁ።

አባል 09 (አርክቴክት)
እትዬ፣ ይችላል። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ነው፤ ሦስቱ 10.5። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ ሰማዩ ክፍት ከሆነ፣ ጣሪያችን ከዚያ በላይ ይሰጣል። አባል 20 ላነሣው የቀን ትርፍም መልሱ እዚህ ጋ አለ። ከኮንዶሚኒየሞቹ ልምድ ወስደን ኮሚናሉን (የጋራ ቤቱን) ለመጋገሪያ እንሥራው፤ ሁሉም ቤት ሳምንታዊ እንጀራውን ቀን እዚያ ይጋግር። የውሃው ፓምፕም በእኩለ ቀን ታንከሩን ይሙላ፤ ማታ ውሃው በራሱ ይወርዳል። ለገላ መታጠቢያ ደግሞ ቦይለር ትተን የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንትከል። 60 ሊትር ውሃ በ35 ዲግሪ ለማሞቅ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ከአንድ ቤት የቀን ድርሻ ከሦስተኛው እጅ ይበልጣል። በተመሳሳይ ስፋት የውሃ ማሞቂያው ከፓኔል ይልቅ ብዙ ሙቀት ይሰበስባል።

አባል 20
ይቅርታ እትዬ፣ በእርስዎ ሥራ ምቀኛ አይደለሁም። ግን በቀን መቶ እንጀራ ንግድ ነው። ሁላችንም እኩል ከፍለን በሠራነው ጣሪያ አንድ ሰው ቢነግድ ነገ አባል 15 ዎርክሾፕ ይከፍታል፣ አባል 08 መኪና ያጥባል። ማኅበር የሚፈርሰው በእንዲህ ዓይነት ነገር ነው።

አባል 17
ልክ ነህ ልጄ። ለምጣዴ የራሱ ቆጣሪ ይደረግልኝ። የፈጀሁትን ልክፈል፤ የማንም ዕዳ የለብኝም።

አባል 08
መኪና ከተነሣ፣ ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ቀርቷል። ጥቂት ዓመት ቆይተን ግቢያችን ውስጥ አምስት የኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ ማየታችን አይቀርም። የአርክቴክቷ ሒሳብ ውስጥ ይህ የለም። ቢያንስ ለቻርጀር የሚሆን ኮንዲዩት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ከወዲሁ ይቀበር።

አባል 06
ስለ ሲሚንቶው ማንም አላነሣም። ሕንፃው በዓመት እኩል አመነጨ ብለን ስንደሰት ሶሌታውና ኮለኑ ውስጥ የሚገባው ሲሚንቶና ብረት የፈጀውን እሳት አንቆጥርም። ሊደታ ያለው የሕንፃ ትምህርት ተቋም ግቢ ውስጥ ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ባለ ሁለት ወለል የሙከራ ቤት አለ። አምስት ወለል በአፈር አንሥራ፤ የውስጥ መከፋፈያውን ግን ሁሉንም በብሎኬት የግድ ነው?

አባል 02 (ሰብሳቢ)
የመከፋፈያው ጉዳይ ለብቻው ይታይ፤ ዛሬ አንደባልቀው። አርክቴክት፣ አንድ ነገር ግልጽ አድርጊልኝ። 200 ሺው ብር ባይገኝ ፕላኑን እንዳለ እንተወዋለን ማለት ነው?

አባል 09 (አርክቴክት)
አይደለም ጋሼ፤ እሁድ በደንብ ማስረዳት ያቃተኝ ይህንኑ ነው። መንደፍና መግዛት ሁለት ነገር ነው። ፓኔል ዛሬም ነገም ይገዛል። የታንከሩ ቦታ ግን ዛሬ ነው የሚወሰነው። አሁን በፕላኑ ላይ ታንከሩ ከነማቆሚያው ጣሪያው መሃል ላይ 3.5 ሜትር ቆሟል። አንድ ፓኔል ላይ ጥላ ሲያርፍ አብረው የተያያዙት ሁሉ ይደክማሉ። በእኛ አገር በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ የታንከሩ ጥላ ወደ ሰሜን ከ2 ሜትር በላይ ይረዝማል። በሰኔ ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ግን አንድ ሜትር አይሞላም። ታንከሩን ወደ ሰሜኑ ጠርዝ ብንገፋው የበጋው ረጅም ጥላ ከጣሪያው ውጭ ይወድቃል፣ የክረምቱ አጭሩ ብቻ ይቀርብናል። ለዚህ ምንም ገንዘብ አይወጣም። ከቆርቆሮው ሥር ያለው ብረት በካሬ 15 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት እንዲችል ማድረግና እስከ ቆጣሪው ባዶ ኮንዲዩት መቅበርም ብዙ አያስወጣም።

የአባል 20 የቆጣሪ ነገር ደግሞ እውነት ነው፤ ትርፉን የሚቆጥርልን ከሌለ ቀን የማንጠቀመው ይባክናል። ስለዚህ ሐሳቤን አሻሽያለሁ። ጣሪያው ለ32 ኪሎዋት ይነደፍ፣ መጀመሪያ የሚገዛው ግን 16 ይሁን፤ ቀን ቀን ምጣዱና ፓምፑ የሚጨርሱት ያህል። ወጪው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። የመስመር ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ቀሪውን ሲያዋጣ እንጨምረዋለን።

አባል 20
ለመንደፉ እስማማለሁ። ለመግዛቱ፣ ለ16ቱም ቢሆን፣ ድምፄ «አይሆንም» ነው፤ መጀመሪያ ልጆቼ ቤት ይግቡ። ደግሞ ምጣዱ ቀን ምን ያህል እንደሚፈጅ እስካሁን ሁላችንም በግምት ነው የምናወራው።

አባል 17
እንግዲያው ግምቱን እንተወው። ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ኑ። ሊጡ ዓርብ ማታ ይቦካል፣ ቆጣሪውን በፊትም በኋላም እናንተው አንብቡ።

አባል 04 (ጸሐፊ)
ቅዳሜ አምስት ሆነን ሄድን፤ አባል 20ም ነበረ። ከምጣዱ በቀር ሌላው ሁሉ ተነቅሎ፣ ፍሪጁም ጭምር፣ አባል 11 ቆጣሪውን አነበቡ። ከ3 ሰዓት ከ10 እስከ 5 ሰዓት ከ30 ተጋገረ። 36 እንጀራ፣ 7.6 ኪሎዋት ሰዓት። ለአንድ እንጀራ 0.21 ገደማ ማለት ነው። መቶው በቀን 21 ይፈጃል፤ ከሙሉው ጣሪያ ስድስተኛውን፣ ከ16 ኪሎዋቱ ሦስተኛውን ያህል።

አባል 20 ወረቀቱን ሁለቴ ደምሮ አየ፤ የተለየ ቆጣሪ ይደረግ የሚለው በቃለ ጉባኤ ካልሰፈረ አልፈርምም ብሏል። ሰፍሯል። የታንከሩ ቦታ፣ የብረቱ ክብደት፣ ኮንዲዩቱና ታች የሚሆነው ማጥፊያ በ18 ድምፅ ጸድቋል፤ ሁለቱ አልተገኙም። የ16 ኪሎዋቱ ግዢ 9 ለ9 ነው። ሁለቱ እስከ ሐሙስ ድምፃቸውን እንዲልኩ ይሁን።

አባል 11
ልጄ፣ ፕላኑን ስታሻሽይ ማጥፊያው ከወለሉ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ጎርፍ የሚገባው በዚያ በር ነው።