ሞስት ዋንትድ 2005፦ ሂት 4 ላይ ከፖሊስ ማምለጫው ምንድን ነው?

ጦሳ ስር (ደሴ)
ሰላም ጎበዞች። ጨዋታው ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ ነው፤ የ2005ቱ፣ ኮምፒውተር ላይ። ብላክሊስት (በየተራ የሚሸነፉት ተፎካካሪዎች ዝርዝር) 6፣ ሚንግ ጋ ነኝ። ውድድሩ አልከበደኝም፤ የፖሊስ ማይልስቶኖቹ (በማሳደድ ላይ የሚሟሉት ግዴታዎች) ናቸው የያዙኝ። መኪናው ቀደም ሲል ካሸነፍኩት ከኧርል የተወሰደው ላንሰር ኢቮ 8 ነው። ሂት (ፖሊስ የሚፈልግህ ደረጃ) 4 ሲደርስ ትላልቆቹ ኤስዩቪዎች ፊት ለፊት መጥተው ያቆሙኛል። ከሦስቱ የኢምፓውንድ ሳጥኖች (በተያዝኩ ቁጥር አንዱ ይሞላል፤ ሁሉም ሲሞሉ መኪናው ይወሰዳል) ሁለቱ ሞልተዋል። ሌላው፣ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ወደ ጎን ይለጠጣል። መብራት ሲጠፋስ ፕሮፋይሉን (የደረስኩበት የተቀመጠበትን) መጠበቂያ መንገድ አለ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
አብሽር፣ ኢቮ 8 ለዚህ ደረጃ በቂ ነው። ችግሩ ፍጥነት አይደለም። ሀይዌይ ይዘህ ብትከንፍ ከኋላ ያለው ቢቀርም ከፊት ሌላ ይጠራብሃል። ማምለጥ የሚጀምረው አንድም ፖሊስ ሳያይህ ሲቀር ነው። ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን ባር ተከታተል፤ «ኢቬድ» በሚለው በኩል ሞልቶ ሲያልቅ ነው ኩልዳውን (ፖሊስ ፈልጎ እስኪተውህ የምትደበቅበት ጊዜ) የሚገባው። ኩልዳውን ላይ እያለህ አንድ የፖሊስ መኪና አንተን ካየህ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ ፖሊስ ከመነካካትህ በፊት መውጫህን ምረጥ። ካርታው ላይ በቀይ ሦስት ማዕዘን የተመለከተው ፐርሱት ብሬከር (ገጭተህ ፖሊሶቹ ላይ የምትጥለው ነገር) ነው። ከእሱ ብዙ የማይርቅ መደበቂያ ያለበትን ሰፈር ያዝ። ማይልስቶንህን እንደሞላህ ወደዚያ ንዳ። መደበቂያ ፍለጋ ኩልዳውን ከገባ በኋላ ከጀመርክ፣ በፍለጋው ላይ ከሚዞር ፓትሮል ጋር ትጋጠማለህ።

ፐርሱት ብሬከር ላይ የሚበላሸው ነገር ቶሎ መምታት ነው። ፖሊሶቹ ሩቅ ከሆኑ የሚወድቀው ሁሉ ባዶ አስፋልት ላይ ይወርዳል። ትንሽ ቀንስ፣ ከኋላህ እስኪለጠፉ አስጠጋቸው፣ ከዚያ ምሰሶውን ገጭተህ እለፍ። አንዴ ከፈረሰ በዚያው ማሳደድ ድጋሚ አይሠራም፤ በትንሽ ነገር አታባክነው።

ኤስዩቪዎቹ፣ ራይኖ የሚባሉት፣ ኃይላቸው ክብደታቸው ነው። ቀድመህ ከታጠፍክ እነሱም አቅጣጫቸውን ያስተካክላሉ። መሃል መንገዱን ይዘህ ቀጥ በል፤ ሊደርሱብህ ሲሉ ስፒድብሬከሩን (ጊዜውን የሚያዘገየውን) ተጫን፣ ኪቦርድ ላይ ኤክስ ነው፣ ከዚያ ወደ አንዱ ጎን እጠፍ። አብዛኛው ሰው ስፒድብሬከሩን ኩርባ ላይ ጨርሶ ራይኖ ሲመጣ ባዶ እጁን ይቀራል። ለኩርባው የሐረጎን ቁልቁለት እንደሚወርድ አይሱዙ አስቀድመህ ፍሬን ያዝ። ስፒድብሬከሩ በፍጥነት ስትነዳ ተመልሶ ይሞላል።

ሮድብሎክ (መንገድ መዝጊያ) ላይ ተራ ሴዳን ፖሊስ ከቆመ የኋላውን ጫፍ ምታ፤ ሞተሩ ያለበት ፊቱ ይከብዳል። ራይኖ የቆመበትን አትንካ። ክፍት የተተወ ሰፊ ቦታ ስታይ ደግሞ አትቸኩል፤ ስፓይክ (ጎማ የሚያፈነዳ እሾህ) የሚዘረጋው እዚያ ነው። ጎማ ከፈነዳ በማሳደዱ መሃል መጠገኛ የለም።

የሐይቅ ልጅ
ቦርከና ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ለምን በሂት 4 ትወጣለህ? ሂት የሚቆጠረው በመኪናው ነው። ሱቅ ገብተህ ቦዲ ኪቱን፣ ቀለሙን፣ ቪኒሉን፣ ሪሙንና ስፖይለሩን ቀይር፤ ይወርዳል። ቀለም ብቻ ቀይሮ መውጣት ብዙም አያወርደውም።

ከዚያ ማይልስቶኑ የሚጠይቀውን እይ። የማሳደድ ርዝመት ከሆነ ዝቅተኛ ሂት ላይ ተረጋግተህ ደቂቃውን ትሞላለህ። ስፓይክ ማለፍ ወይም ከፍ ያለ ኮስት ቱ ስቴት (የምታደርሰው የጉዳት ዋጋ) ከሆነ ግን ሂቱ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ስፓይኩም አይመጣም፣ የሚጋጭ ፖሊስም ያንስሃል። ለረጅም ሰዓት ማይልስቶን የአውቶቡስ መናኸሪያው ዘዴ አለ፦ የቆሙት አውቶቡሶች ጣሪያ ላይ ዘለህ ብትቆም ፖሊሶቹ ከታች ይዞራሉ እንጂ አይደርሱብህም። ይሠራል፣ ግን አሰልቺ ነው።

ሁለት ሳጥን የሞላበትን መኪና ደግሞ ለማይልስቶን አታውጣው። ርካሽ ሁለተኛ መኪና ይዘህ በእሱ ሙላ። የሚመዘገብልህ ካመለጥክ ብቻ ነው፤ ከተያዝክ ያ ሁሉ ልፋት ይቀራል፣ ቅጣቱም አለ። ቅጣቱን የሚሸፍን ብር ከሌለህ ሳጥኑ ባይሞላም መኪናውን ይወስዱታል፤ ስለዚህ ያለህን ሁሉ ሞተርና ቱርቦ ላይ አትጨርስ። ሚንግን ስታሸንፍ ከቀረቡት ካርዶች ሁለት ትመርጣለህ። ፒንክ ስሊፑ (የተሸናፊውን መኪና የሚያስረክብህ ካርድ) ያለው የጥያቄ ምልክት ካለባቸው ሦስቱ ውስጥ ነው፤ ሁለቱንም ምርጫህን ከዚያ አድርግ። የሚንግ ጋላርዶ ከደረሰህ የኢቮው ነገር ያን ያህል አያስጨንቅህም።

ከወልድያ
ወንድሜ ምን አደከመህ? ስልክህ ላይ ፒፒኤስኤስፒፒ (የፒኤስፒን፣ የእጅ ጌም ማጫወቻውን፣ ጨዋታዎች የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጫንና የፒኤስፒውን ተጫወት። መብራት ጠፋ አልጠፋ ምን ቸገረህ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
የፒኤስፒው 5-1-0 የሚባለው ነው፤ ከተማውን በነፃ እየዞሩ መንዳት የለውም፣ ስለዚህ እሱ የሚጫወተው ዓይነት አይደለም። ስልክ ላይ በራሱ የሚጫነው የ2012ቱም ስሙ እንጂ ጨዋታው ሌላ ነው፤ ከተማው ሮክፖርትም ዋናው ተፎካካሪ ሬዘርም የሉበትም።

ጦሳ ስር (ደሴ)
እህት፣ ያ የሂቱ ነገር አልገባኝም ነበር፤ በቀለም ብቻ ነበር የምሞክረው። ስክሪኑስ? ላፕቶፑ 1366 በ768 ነው፣ ባትሪው ሞቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል።

አዝዋ ገደል
ጨዋታው የተሠራው ለ4 በ3 ስክሪን ነው፤ የሚለጠጠው ለዚያ ነው። ሞደሮች (ጨዋታውን በራሳቸው የሚያሻሽሉ ሰዎች) የሠሩት ዋይድስክሪን ፊክስ (ለሰፊ ስክሪን ማስተካከያ) አለ፤ የሚሠራው ግን ስሪት 1.3 ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ፓቹን (ጨዋታውን ወደዚያ ስሪት የሚያደርሰውን) ጫን። ከዚያ ዚፑን ፈትተህ በውስጡ ያለውን ሁሉ «ስፒድ» የሚለው ኢኤክስኢ ፋይል ወዳለበት ፎልደር ገልብጥ። «ስክሪፕትስ» የሚለውን ፎልደር ብቻ ገልብጠው «አልሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ዲኤልኤል ፋይሉ አብሮ ካልገባ ምንም አይለወጥም። አንቲቫይረስ ያንን ዲኤልኤል ዝም ብሎ ሊያጠፋው ስለሚችል ከገለበጥክ በኋላ መኖሩን ተመልከት።

ፖሊስ ሲበዛ ምስሉ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሻዶው፣ ሬይን፣ ሞሽን ብለርና አንቲ ኤልያሲንግ ቀንስ ወይም አጥፋ። ሪዞሉሽኑን የምትነካው በመጨረሻ ነው።

ፕሮፋይሉ ያለው ዶክመንትስ ውስጥ ኤንኤፍኤስ ሞስት ዋንትድ በሚል ፎልደር ነው፣ በስምህ። አውቶሴቩ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ጨዋታውን ዝጋና የስምህን ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ቅዳ፤ እያንዳንዱን ብላክሊስት ካለፍክ በኋላ ብታደርገው ይበቃል። ስትመልሰው የፎልደሩንም የፋይሉንም ስም አትቀይር፤ ከተቀየረ ጨዋታው አያነበውም። ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆንክና ፎልደሩን ካጣኸው ዶክመንትስህ ወደ ዋንድራይቭ ተዛውሮ ይሆናል፤ እዚያ ፈልገው።