ከሶፍትዌር ሙያ ወደ አርክቴክቸር፦ መሠረቱን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ላለፉት 7 ዓመታት በአንድ የፋይናንስ ተቋም ውስጥ በሶፍትዌር ባለሙያነት ስሠራ ቆይቼ፣ ከሁለት ወር በፊት አዲስ ወደተቋቋመው የአርክቴክቸር ክፍል (የተቋሙ የኮምፒውተር ሲስተሞች እንዴት እንደሚዋቀሩ ወደሚነድፈው) ተዛውሬአለሁ። ኮድ መጻፍም ሆነ ዳታቤዝ ማዋቀር አያስቸግረኝም፤ አሁን የሚጠበቅብኝ ነገር ከዚህ የተለየ እንደሆነ ቢሰማኝም ምንነቱን በግልጽ ማስቀመጥ አልቻልኩም። የሥራ መደቤ ሶሉሽን አርክቴክት ይላል፤ በስብሰባ ላይ የምጠየቀው ግን ብዙውን ጊዜ የኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ጥያቄ ነው። ኃላፊዬ ቶጋፍን፣ ማለትም የኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ሥራ እንዴት እንደሚመራ የሚያስረዳውን ማዕቀፍ፣ እንዳጠና መክረውኝ ማንበብ ጀምሬአለሁ። ስለ ምዕራፎችና ስለሚዘጋጁ ሰነዶች በሰፊው ይናገራል እንጂ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ስገባ የመጀመሪያው ሥራዬ ምን እንደሆነ ከእርሱ ማግኘት አልቻልኩም። ለመሆኑ በሶሉሽንና በኢንተርፕራይዝ አርክቴክት መካከል ያለው ልዩነት በተግባር ምንድን ነው? ከሰርተፊኬት፣ ከንባብ ወይስ ከሥራው ብጀምር ይሻላል?

የመጀመሪያ መልስ

ልዩነቱን ከትርጓሜ ይልቅ ከአንድ ሥራ ተነሥተን ብናየው ይቀላል። አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ደንበኞቹ ወርኃዊ የብድር ክፍያቸውን በሞባይል ገንዘብ እንዲከፍሉ ፈለገ እንበል። ሶሉሽን አርክቴክቱ የሚጠየቀው ይህ አንድ አገልግሎት እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ የክፍያው መልእክት በየት ይገባል፣ የላኪው ማንነት እንዴት ይረጋገጣል፣ በብድር ሲስተሙ ላይ መቼ ይመዘገባል፣ መሀል ላይ ግንኙነቱ ቢቋረጥስ ምን ይሆናል?

በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጀማሪውና ልምድ ያለው የሚለዩት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ደንበኛው ከፈለ፣ ገንዘቡ ከሒሳቡ ወጣ፣ መልእክቱ ለተቋሙ ደረሰ፣ የብድር ሲስተሙም መዘገበው፤ «ደርሶኛል» የሚለው ምላሽ ግን በመንገድ ጠፋ። ላኪው ሲስተም መልስ ስላላገኘ ያንኑ መልእክት ደግሞ ይልከዋል። ተቀባዩ እያንዳንዱን ክፍያ በማይደገም መለያ ቁጥር ካላወቀው አንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ስለዚህ አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ፣ መለያ ቁጥሩን የሚሰጠው ማን እንደሆነ መወሰን አለበት፤ ቁጥሩ ተደግሞ ሲመጣም ሲስተሙ እንደገና ሳይመዘግብ የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ እንዲመልስ፣ በየቀኑም የሁለቱ ወገኖች መዝገብ እንዲመሳከር መደረግ አለበት።

ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቱ ያንኑ ጉዳይ ይዞ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በ2023 በአገራችን ሥራ ጀመሩ፤ ሁለቱንም ከብድር ሲስተሙ ጋር ለየብቻ ያገናኘ ተቋም አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ሠርቷል፤ ሦስተኛ ሲመጣም ሦስተኛ ጊዜ ይሠራዋል። 6 ሲስተሞች እርስ በርሳቸው በቀጥታ ቢገናኙ 15 መስመር ይፈጠራል፤ 10 ሲሆኑ 45 ይደርሳል። እያንዳንዱን መስመር የዘረጋው ፕሮጀክት በራሱ በኩል ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ የሚታየው ሁሉንም በአንድነት ለሚመለከት ሰው ነው፣ ያ ሰው እንዲኖርም ነው ይህ ሙያ የተፈጠረው።

የመጀመሪያ ሥራዎ ዛሬ ያለውን መሳል ይሁን። እያንዳንዱን ሲስተም፣ ባለቤት የሆነውን ክፍል፣ የያዘውን መረጃ፣ ለማን በምን መንገድ እንደሚያስተላልፍ ይመዝግቡ። በሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የኤክሴል ፋይልም እንደ አንድ ሲስተም ይሳሉት። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ፣ አመራሩ በራሱ የሚዘጋጅ የሚመስለውን ዕለታዊ ሪፖርት አንዲት ሠራተኛ ማታ ማታ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው በእጇ ትገለብጠው ነበር። ይህን ያወቅነው እርሷ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ነው።

ሁለተኛ መልስ

የምኖረው በቨርጂኒያ ነው፤ ሙያውን የተማርኩትም ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ስለሆነ ስለ ማዕቀፎቹ ልጨምር። ጆን ዛክማን እ.ኤ.አ. በ1987 በአይቢኤም መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ አንዱን የመረጃ ሥርዓት ባለቤቱ፣ ነዳፊውና ገንቢው በየራሳቸው ዓይን እንደሚያዩት፣ ለእያንዳንዳቸውም የተለየ ሥዕል እንደሚያስፈልግ አስረዳ። ቶጋፍ በ1995 ሲወጣ መነሻው የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለራሱ ያዘጋጀው ማዕቀፍ ነበር። በ1996 የወጣው የክሊንገር-ኮኸን ሕግም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የአይቲ አርክቴክቸር እንዲኖራቸው ኃላፊነቱን በየመሥሪያ ቤቱ የኢንፎርሜሽን ዋና ኃላፊ ላይ ጣለ። ይህን የማነሣው ለታሪክ ብቻ ብዬ አይደለም። ማዕቀፎቹ ያደጉት በብዙ ሺህ ሠራተኛ በሚተዳደሩ ተቋማት ዙሪያ ስለሆነ፣ አሥር ሲስተም ያለው ተቋም ሰነዱ የሚዘረዝረውን ሁሉ ላዘጋጅ ቢል ሥራው በወረቀት ይታነቃል። ቶጋፍ ራሱም ለየተቋሙ ተስማምቶ እንዲቀነስ ይፈቅዳል።

ከእርሱ የሚወስዱት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ሥራውን፣ መረጃውን፣ አፕሊኬሽኑንና ቴክኖሎጂውን ለይቶ ማየት፤ ለእያንዳንዱ ዛሬ ያለበትንና ሊደርስበት የሚገባውን ማስቀመጥ፤ በመካከል ያለውን ክፍተት ወደ ቅደም ተከተል መቀየር። ሥራው መቅደሙ ድንገት አይደለም፤ የብድር አሰጣጡ ሳይገባዎት የብድር ሲስተሙን መንደፍ አይቻልምና።

ለመሳል የሳይመን ብራውን ሲ4 ሞዴል (ሶፍትዌርን ከጠቅላላው ወደ ዝርዝሩ በአራት ደረጃ የሚስል ዘዴ) ለጀማሪ ከሁሉ ይቀላል፤ ከአራቱ ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለአብዛኛው ውይይት ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ግን አንድ ልማድ አደራ እላለሁ፤ ውሳኔን መጻፍ። ማይክል ናይጋርድ እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረበው አጻጻፍ እያንዳንዱ ትልቅ ውሳኔ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ይሰፍራል፤ ሁኔታው ምን ነበር፣ ምን ወሰንን፣ ውሳኔው ምን ጥቅምና ምን ጉዳት ያስከትላል። ጉዳቱን ያልጻፈ ሰው ውሳኔውን ገና አላሰበበትም። ሰርተፊኬቱ የሙያውን ቃላት ያስተምራል፣ ለሥራ ፍለጋም ይረዳል፤ ከስድስት ወር ሥራ በኋላ ቢወስዱት ግን እያንዳንዱ ቃል የሚያውቁትን ነገር ያስታውስዎታል።

ሦስተኛ መልስ

እኔ የሲስተም ኦፕሬሽን ባለሙያ ነኝ፤ አርክቴክቶች የሚነድፉትን ሌሊት የምንጠብቀው እኛ ስለሆንን ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልበል። «99.9 በመቶ ይሠራል» ማለት በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቆማል ማለት ነው። አንድ ክፍያ ሊሳካ ሦስት ሲስተሞችን ማለፍ ካለበትና የእያንዳንዳቸው ልክ 99.9 ከሆነ፣ ደንበኛው የሚያገኘው 99.7 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም በዓመት ከ26 ሰዓት በላይ መቋረጥ ነው። እባክዎ የሥራ ክፍሉ የሚፈልገውን ቁጥር ከንድፉ በፊት ይጠይቁልን።

ሁለተኛው የመረጃ ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚገዙ ሲስተሞች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እኛ ደግሞ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ቅርንጫፍ በዚያ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው የአያት ስም ካስገባ አንድ ደንበኛ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ቀንም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ተቀምጦ ለተጠቃሚው በሚታይበት ጊዜ ብቻ፣ በአንድ የጋራ መቀየሪያ ካልተለወጠ፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን የዘነጋ አንድ ሲስተም የብድር መክፈያ ቀንን ያዛባል። እነዚህን በውጭ አገር ትምህርት ውስጥ አያገኟቸውም፤ መወሰን ያለበት የእናንተ ክፍል ነው።

ጠያቂው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካርታውን ስስል የደንበኛ ስልክ ቁጥር በአራት ቦታ ተቀምጦ አገኘሁት፤ በኮር ባንኪንጉ (የደንበኞች ሒሳብ በሚያዝበት ዋና ሲስተም)፣ በብድር ሲስተሙ፣ በሞባይል ባንኪንጉና በአጭር መልእክት መላኪያው። ዋናው መዝገብ ኮር ባንኪንጉ ይሁን ብዬ ሳቀርብ የብድር ክፍሉ አልተቀበለም፤ ቁጥር መቀየሩን ቀድመው የሚሰሙት መስክ ላይ ያሉት የብድር ሠራተኞቻቸው እንደሆኑ ይናገራሉ።

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ

የብድር ክፍሉ ያነሣው ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ ነገር ግን ለውጡን ቀድሞ መስማትና ለውጡን ማጽደቅ ሁለት የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው። የስልክ ቁጥር ዛሬ የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ቁጥሩን ማስቀየር ከቻለ የደንበኛውን ገንዘብ ለመውሰድ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ የብድር ሠራተኛው ለውጡን ያቅርብ፤ ማንነት የሚያጣራው ክፍል ያጽድቅ፤ በአንድ መዝገብ ብቻ ይጻፍ፤ ሌሎቹ ሦስት ሲስተሞች ከዚያ ይቀበሉ እንጂ በራሳቸው አይቀይሩ። ስምና አድራሻን ለጊዜው ይተዉና በዚህ በአንዱ መረጃ ብቻ ይጀምሩ፤ ውሳኔውንም በአንድ ገጽ ጽፈው የብድር ክፍሉ ኃላፊ እንዲፈርሙበት ያድርጉ። ከመፈረማቸው በፊት ግን ሠራተኞቹ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ውስጥ ሲሆኑ የቁጥር ለውጥን በምን እንደሚመዘግቡ ሄደው ይጠይቋቸው። በወረቀት ከሆነ፣ ያ ወረቀትም በካርታዎ ላይ መሳል አለበት።